ባቡሩ ቡለን መቼ ይደርሳል?

ቤታችን ማታ ማታ አንድ ልማድ አለ። ራት ከተበላ በኋላ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ የአባቱን ስልክ ይዞ ከጎኔ ይቀመጣል። እኔም መነጽሬን አድርጌ አብሬው አያለሁ። አንበሳ ከጎሽ ሲታገል፣ ሕፃን ሲስቅ፣ ሰው በገመድ ላይ ሲራመድ፣ ያልታየ ነገር የለም። በቅርቡ አንድ ማታ ግን አፍንጫው እንደ ወፍ መንቁር የሾለ ነጭ ባቡር መጣ። ጣቢያው ላይ በቆሙት ሰዎች ፊት ብልጭ ብሎ አለፈ። ልጁ ደጋግሞ አየውና ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ይሄ ባቡር ቡለን መቼ ይመጣል?» አለኝ።

አባቱ ቀደመኝ። «አንተ አርጅተህም አታየው! ይልቅ ሂድና ተኛ» ብሎ ሳቀ። የልጁ ፊት ሲከፋው አይቼ እኔ ደግሞ ለማባበል ያህል፣ «ይመጣል የኔ ጌታ፣ በቅርቡ ይመጣል» አልኩት። ልጁ ተኛ። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከልጄና ከእኔ የማናችን መልስ የባሰ እንደሆነ ሳሰላስል አመሸሁ።

እኔ በነርስነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ሐዲድ አልተማርኩም። ነገር ግን «ይመጣል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ በሥራዬ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተምሬያለሁ፤ እሱን ኋላ አጫውታችኋለሁ። ስለዚህ ከማግስቱ ጀምሬ ስለ ባቡር ማንበብና የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ያዝኩ። ያገኘሁትን እነሆ፤ የእናንተም ልጆች መጠየቃቸው አይቀርምና።

«ፈጣን» ሲባል ስንት ነው?

ልጁ ያየው ዓይነት ባቡር «ፈጣን» የሚባለው ለእሱ ተብሎ በተሠራ ሐዲድ ላይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሮጥ ነው። መንገዱን የከፈተችው ጃፓን ናት። ቶኪዮንና ኦሳካን የሚያገናኘው የ515 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም ሲሆን፣ ያኔ ፍጥነቱ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ነበር። ታላላቆቻችን ያንን ሰሞን በሌላ ነገር ያስታውሱታል፤ ባቡሩ ሥራ በጀመረ በ20ኛው ቀን ሻምበል አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ወስዷል።

በአህጉራችን የመጀመሪያዋ ሞሮኮ ናት። በኅዳር 2011 ዓ.ም የተመረቀው የታንጀርና የካዛብላንካ ባቡር በመንገዱ ከፊል በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ወደ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አውርዶታል። ግብፅም የራሷን በመገንባት ላይ ናት።

የእኛስ? ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተነደፈው መንገደኛ ሲጭን በሰዓት 120፣ ዕቃ ሲጭን 80 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው። በመለኪያው መሠረት ፈጣን ባቡር ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር በድንገት መታጠፍ አይችልም፤ መታጠፊያው ኪሎ ሜትሮችን ፈጅቶ ቀስ እያለ የሚዞር መሆን አለበት። ፍሬን ተይዞም ለመቆም ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ተራራን መዞር ስለማይችል ተራራው መበሳት፣ ሸለቆው በድልድይ መሻገር አለበት። የእኛ ባቡር ደግሞ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። በአገራችን ዳገትና ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍጥነት ብዙ ገንዘብ ይበላል።

ይሁን እንጂ ጭነት መኪና ላይ ተጭነን፣ ሌሊት በየኬላው እያደርን ለተጓዝን ሰዎች 120 ኪሎ ሜትር ትንሽ አይደለም። ለእኛ ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል ይሮጣል?» ሳይሆን «በየቀኑ ይመጣል ወይ?» የሚለው ነው።

ሃያ ዓመት የፈጀው ሐዲድ

ልጆቻችን ሁሉም ነገር በአንድ ጀንበር የሚሠራ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ባቡር ታሪክ መንገር ይጠቅማል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም ተጀመረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቃት ድሬዳዋም የተወለደችው በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ የነገሥታቱና የመንግሥታቱ ክርክር በረታ። በሌላ ኩባንያ እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ወደ ሃያ ዓመት ፈጀ። አፄ ምኒልክም ባቡሩ መናገሻ ከተማቸው ሲገባ ለማየት አልታደሉም።

«ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም የመጣው ፈረንሳዮቹ የባቡር ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ያ አሮጌ ባቡር ትውልድ አሳድጎ፣ ድሬዳዋን አበልጽጎ፣ በመጨረሻ እንክብካቤ ሲያጣና ዘመኑ ሲያልፍበት ቆመ። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ሐዲዱን ያቆመው የብረት እጥረት አልነበረም። ገንዘብ ሲያልቅ ቆመ፣ ስምምነት ሲጠፋ ቆመ፣ በኋላም ተንከባካቢ ሲያጣ ቆመ።

ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከሰበታ ተነስቶ በአዳማ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የገነቡት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ ሐዲዱም ከአሮጌው ሰፋ ያለ፣ ብዙው ዓለም የሚጠቀምበት መደበኛ ሐዲድ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሪባን ተቆርጦ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ባቡሩ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ከሦስት ወር አለፈ። በእነዚያ ወራት ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሮቹ መጥተዋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አስተማማኝ እስኪሆን፣ ሙከራው እስኪያልቅ፣ ሠራተኛው እስኪሠለጥን ግን መጠበቅ ነበረበት።

ይህን ሳነብ ከሙያዬ ያውቅኩት ነገር ትዝ አለኝ። የጤና ጣቢያ ሕንፃ ሲመረቅ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ነርሷ መድኃኒት፣ ውኃና መብራት መኖሩን ሳታረጋግጥ አታጨበጭብም። ለእኛ ጤና ጣቢያው የተከፈተው የመጀመሪያው ሕፃን በሰላም የተወለደበት ቀን ነው።

ባቡሩም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፈተና አልተለየውም። አጥር በሌለበት በረሃ ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይገባል፤ ባቡሩ ሲገድላቸው አርብቶ አደሩ ይጎዳል፣ ባቡሩም ይቆማል። የኤሌክትሪክ ኬብልና ብሎን የሚሰርቅ አለ። ኃይል ሲቋረጥም ባቡሩ በመንገድ ይቀራል። ሆኖም በጭነት መኪና ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው መንገድ አሁን በሰዓታት የሚቆጠር ሆኗል። ገበሬዎቻችን የሚጠብቁት ማዳበሪያም በከፊል በዚሁ ሐዲድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ባቡሩ ቡለን ባይደርስም የጫነው ዕቃ ማሳችን ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

መብራት የሌለው ማቀዝቀዣ

ወጣት ነርስ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ተላከልን። አዲስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። የሚሠራው ግን በኤሌክትሪክ ነው፤ በአካባቢው ደግሞ አንድም የመብራት እንጨት አልቆመም። መልሱት የሚል ሰው አልተገኘም፤ በላምባ የሚሠራ ይላክልን ብለን የጻፍነውም ቶሎ መልስ አላገኘም። ማቀዝቀዣው የሕሙማን ካርድ ማስቀመጫ ሆኖ ከረመ። በዚያ ዓመት በየወሩ የተጻፈው ሪፖርት ግን «ማቀዝቀዣ፦ አንድ» ይላል።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያን መስመር ታሪክ ሳነብ ያ ማቀዝቀዣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ይህ መስመር ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ወዳለው ሀራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሥራውን የያዘው ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም በይፋ ተጀመረ። ተራራ ተበስቶ ዋሻ ወጣ፤ ገደል በድልድይ ተሻገረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ተነጥፎ ሊያልቅ ምንም አልቀረው ተባለ። ባቡሩ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነውና ኃይል የሚያቀብለው መስመር አብሮ መድረስ ነበረበት፤ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ሐዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት ቢቆጠሩም መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ቆየ።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ኮምቦልቻና ወልድያ የውጊያ ቀጠና ሲሆኑ የባቡሩ ንብረትም ተዘረፈ፣ ተበላሸ። ብረት እንደ ሰው ነው፤ ጠባቂ ካጣ ይጎዳል።

ስለ ሰላም ስናነሳ እኛ መተከሎች ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ2013 ዓ.ም በዞናችን፣ በወረዳችንም ጭምር፣ በደረሰው ግድያ ስንት ቤተሰብ እንደተበተነ፣ ስንቱ ልጁን አዝሎ ወደ ቻግኒ እንደሸሸ የምናውቀው እኛው ነን። ያኔ የተዘጋው መንገድ ድንጋይና ጭቃ አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነበረበት። ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ኦሮሞውም በአንድ ገበያ ተገናኝቶ በሰላም ካልተመለሰ አውቶቡስ እንኳ አይመጣም፤ ባቡርማ እንዴት ይመጣል? ለልጅ ልጄ ስለ ሐዲድ ስነግረው ይህንንም አልደበቅኩትም።

የሚንከባከብ እጅ

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር ልጆቼ ወስደው አሳዩኝ። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች፣ 41 ባቡሮች ነበሩት። ከመርካቶ ዕቃ የገዛች እናትም፣ ተማሪውም፣ ጡረተኛውም በትንሽ ብር ይሳፈር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን መለዋወጫ ጠፋ። አንዱን ለማዳን ከሌላው ዕቃ እየተፈታ፣ ከ41ዱ ግማሹ እንኳ የማይሠራበት ጊዜ መጣ። ሰልፉ ረዘመ፤ ሰው ወደ ታክሲው ተመለሰ። በሽተኛ መድኃኒቱን ሲጀምር ደስ ብሎት፣ ሁለተኛውን ወር መግዛት ሲያቅተው እንደሚያቋርጠው ዓይነት ነው። የደም ግፊት በአንድ ወር ኪኒን አይድንም፤ ባቡርም በምረቃ ቀን ገንዘብ ብቻ አይኖርም።

ሌላው የሰው እጅ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ የሆነውን አትረሱም። ባቡሩ በሚታጠፍ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲያልፍ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ተንከባለሉ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ባቡሩ ፈጣን የሚባል አልነበረም። ለዚያ ጥምዝ ግን ከልክ በላይ ፈጥኗል። የሠለጠነ፣ ያልደከመና ኃላፊነቱን የሚያውቅ ሰው ከሞተሩ በላይ ዋጋ አለው።

በዚህ በኩል የሚያስደስት ነገርም አለ። የጅቡቲን መስመር ሥራ ከጀመረ አንስቶ ሲያንቀሳቅሱት የነበሩት ቻይናውያን ኃላፊነቱን በ2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን አስረክበዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ለአፍሪካ የባቡር ባለሙያ የሚያፈራ ማዕከል አለው። ልጁ ሒሳብና ፊዚክስ የሚወድ ወላጅ ይህን በጆሮው ያኑረው።

መንገዱ ሊያልቅ እንደሚችል ደግሞ ታንዛኒያ አሳይታናለች። በ2016 ዓ.ም ክረምት ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀምራለች። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሲሆን፣ በአውቶቡስ ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ከአራት ሰዓት በታች አድርጎታል። ያንን መስመር የሠራው ማን መሰላችሁ? የእኛን የአዋሽ–ኮምቦልቻን ሐዲድ ያነጠፈው ያው ያፒ መርኬዚ ነው። ሠሪው አንድ ነው። ልዩነቱ ኃይል፣ ገንዘብና ሰላም በአንድነት መገኘታቸው ላይ ነው።

የእኛ ሰፈር ከካርታው ላይ

አሁን ወደ ቡለን እንመለስ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም ሲቋቋም አገሪቱን ሁሉ የሚያገናኝ የሐዲድ መረብ በወረቀት ላይ ተነድፎ ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ማለትም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም፣ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንደሚሠራ ተነገረ። በዚያ መረብ ውስጥ ከኢጃጂ ተነስቶ በነቀምቴ በኩል አሶሳን አልፎ እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ ኩርሙክ የሚደርስ መስመር ነበረበት። አሶሳ ያሉ ዘመዶቼ ያኔ ተደስተው ነበር። መስመሩ ዛሬም በወረቀት ላይ ነው።

ቢሠራም እንኳ ለእኛ ቅርብ አይሆንም። እኛ መተከሎች ያለነው ከዓባይ ወዲህ፣ አሶሳ ያለችው ከዓባይ ወዲያ ነው። ቡለንን ከርዕሰ ከተማችን የሚለየው ጥልቅ ሸለቆ የባቡር መሐንዲስን የሚያስጨንቅ ነው። ስለዚህ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ፈጣን ባቡር ቀርቶ ተራ ባቡርም ወደ ቡለን የሚያመጣ ሥራ አልተጀመረም።

ነገር ግን ለልጅ ልጄ ሌላ እውነትም አለኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው በእኛው መተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ የሚወጣው ኃይል በአገሪቱ መስመር ውስጥ ይቀላቀላል፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ መስመር ነው። ባቡሩ ወደ እኛ ባይመጣም ከእኛ ደጅ የሚያልፈው ወንዝ እሱን በመግፋት ላይ ድርሻ አለው። ልጁ ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። «እንግዲያው ባቡሩ የእኛም ነው» አለ። ትክክል ብሏል።

እስከዚያው ልጆቹን ብታሳዩአቸው

አቅሙ ያላችሁና አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ፣ ልጆቹን ለቡ ወዳለው የባቡር ጣቢያ ወስዳችሁ ብታሳዩአቸው፣ ሲመችም እስከ ድሬዳዋ ብትጓዙ መልካም ነው። ከነርስነቴ ጥቂት ምክር ልጨምር።

ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ልጆች ፉርጎ ላይ እንዳይወጡ፣ ወደ ሽቦው እንጨት ወይም እርጥብ ገመድ እንዳይወረውሩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ አሮጌው አያጓራም፤ ከኋላ ሳይሰማ ይደርሳል። ስለዚህ ሐዲድ ላይ መሄድና መጫወት ክልክል ነው።

ከደጋ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ ስትወርዱ ሙቀቱ ይበረታል፤ ጅቡቲ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ለሕፃንና ለአዛውንት ውኃ በየጊዜው ስጡ፤ እስኪጠማቸው አትጠብቁ። ተቅማጥ ቢይዛቸው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡ። የግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ፤ ከሻንጣው ጋር እንዳይቀር። ረጅም ሰዓት አትቀመጡ፤ በየሰዓቱ ተነሥታችሁ እግራችሁን አንቀሳቅሱ። ከቆላ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትሉ ለወባ ተመርመሩ።

«መኪናው እየመጣ ነው»

አሁን መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ያልኩትን ላጫውታችሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ ወሩ ሐምሌ ነበር። አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ጤና ጣቢያ መጣች። ስመረምራት ልጁ በማሕፀኗ ውስጥ አግድም ተኝቷል። እንዲህ ያለው በእኛ እጅ አይወለድም፤ ሆስፒታልና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። መኪና እንዲላክልን መልእክት ላክን። «እንሞክራለን» የሚል መልስ መጣ። ዝናቡ አላቋረጠም፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

እሷ በየደቂቃው ትጠይቀኛለች። እኔም እጇን ይዤ፣ «አይዞሽ፣ መኪናው እየመጣ ነው» እላታለሁ። እየመጣ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ላጽናናት ብዬ ነው። ባሏና ጎረቤቶቿም ቃሌን አምነው ቁጭ አሉ። ሲነጋ መኪናው እንዳልተነሣ ሰማን። ያኔ ስምንት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ ወንዝ ተሻግረው፣ ደህና መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ አገኙ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ከወራት በኋላ ልታመሰግነኝ መጣች። ቡናም ይዛልኝ ነበር። ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ሲስተር፣ መኪናው እንደማይመጣ ቢነግሩኝ ኖሮ ማታውኑ በቃሬዛ እንነሳ ነበር» አለችኝ። በቁጣ አይደለም ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያላረጋገጥኩትን ነገር ለማንም «ይመጣል» ብዬ አላውቅም ነበር፤ የልጅ ልጄ እስከጠየቀኝ ማታ ድረስ።

ባዶ ተስፋ ሰውን ያስቀምጠዋል። መኪና ይመጣል ያለ ሰው ቃሬዛ አያዘጋጅም። በሌላ በኩል እንደ ልጄ «አርጅተህም አታየው» ማለትም ሰውን ያስቀምጠዋል፤ የማይመጣን ነገር ማን ይዘጋጅለታል? ሁለቱም መልሶች ልጁን አልጋው ላይ አስተኙት እንጂ ምንም አላስተማሩትም። ለእኛ ለቡለን ሰዎች ቃሬዛው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ፣ ነዳጅ ያለው አምቡላንስ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያ አጠገብ የሚያርፉበት ማቆያ፣ በሰላም የምንሄድበት ገበያ ነው። እነዚህን ባቡር እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የለብንም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ከጓሮው ማንጎ ሥር አስቀምጬ መልሴን አስተካከልኩ። «ባለፈው በቅርቡ ይመጣል ያልኩህ ሳላውቅ ነው፤ ይቅርታ» አልኩት። ከዚያ ሐዲድ ብቻውን ባቡር እንደማይሆን፣ ኃይል፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ እጅና ሰላም እንደሚያስፈልገው አስረዳሁት። የመጀመሪያው ባቡር ሃያ ዓመት እንደፈጀም ነገርኩት። አባቱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አልሳቀም።

ልጁ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «አሁን ቢጀመር፣ ሃያ ዓመት ቢፈጅ፣ እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ይሆናል» አለ። ቀጥሎም፣ «እማማ፣ ያኔ ሠርቼው ብመጣስ?» ሲል ጠየቀኝ። «ይመጣል» አላልኩትም። «መጀመሪያ የሒሳብ ደብተርህን አምጣ» አልኩት። ሮጦ ሄደ።